በቅዝቃዜ የደረቀ የጉዞ ስንቅ ለድሬዳዋና ለሐረር ተጓዥ ያዋጣል ወይ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ከድሬዳዋና ከሐረር ተነሥተው በእግር መጓዝ የጀመሩ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ስለሚያቀርቡልኝ ነው። ጥያቄያቸው፣ ውጭ አገር ያሉ ተጓዦች በቪዲዮ የሚያሳዩት፣ የፈላ ውኃ ሲጨመርበት በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ትኩስ ምግብ የሚሆነው በቅዝቃዜ የደረቀ እሽግ ሳይኖረን ተራራ ላይ ማደር እንችላለን ወይ የሚል ነው። የእሽጉን ዋጋ ሰምተው ጉዞውን ጭራሽ የተዉ ልጆች አውቃለሁ፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል። ክሩ ረዝሞ መልሶቹ ከ30 ስላለፉ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች የእኔን መነሻና የተሰጡትን መልሶች ተራ ቁጥራቸውን እየጠቀስኩ እተርካለሁ።

በመክፈቻው ጽሑፍ የያዝኩት አቋም፣ ከሁለቱ ከተሞች ለሚነሣ የአንድ፣ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ጉዞ ይህ ምግብ አያዋጣም የሚል ነበር። አሜሪካ ውስጥ የታወቀው የማውንቴን ሃውስ እሽግ አንዱ በአብዛኛው ከ10 ዶላር በላይ ያወጣል፤ በውስጡ 130 ወይም 140 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ሲኖር፣ የሚሰጠው ጉልበት ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 600 ካሎሪ ነው። ሸክም ይዞ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጣ ጎልማሳ 3,000 ካሎሪ ያህል ስለሚያስፈልገው፣ በዚህ ብቻ ልኑር ቢል በቀን አምስት እሽግ ይፈልጋል። ዶላር እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ስንቅ፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይታሰብ፣ ከ5,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው የውኃው ጉዳይ ነው። ይህ ምግብ የቀለለው ውኃው ስለወጣለት ነው፤ ለመብላት ሲፈለግ ያ ውኃ፣ ለአንድ እሽግ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል፣ መመለስ አለበት። እንደ ባሌና እንደ ስሜን ተራሮች ጅረት በየመንገዱ በሚገኝበት አገር ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተጓዡ ክብደቱን ቤቱ ትቶ ይሄድና ሲደርስ ከጅረቱ ይቀዳዋል። ከድሬዳዋ በታች ባለው ቆላ ወይም በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ዙሪያ ግን ከዝናብ ወቅት ውጭ አብዛኛው የወንዝ መውረጃ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ፣ ተጓዡ የሚጠጣውንም የሚያበስልበትንም ውኃ በጀሪካን ይሸከማል። በዚያ ሙቀት የሚጓዝ ሰው በቀን አራት አምስት ሊትር ስለሚፈልግ፣ ለሁለት ቀን ሲወጣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ውኃ ትከሻው ላይ አለ። ይህ ሁሉ ባለበት ከምግቡ ላይ ጥቂት መቶ ግራም ለመቀነስ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛውን መልስ የሰጡት ከሳቢያን ሰፈር የጻፉ መምህር ናቸው። በትሕትና አመስግነው ሐሳቤን ከደገፉ በኋላ የባቢሌን ለውዝ አስታወሱን፤ 100 ግራም ለውዝ ከ560 ካሎሪ በላይ ስለሚሰጥ በክብደት ቢመዘን ከእሽጉ ምግብ እንደሚበልጥ፣ እሳትም ውኃም እንደማይፈልግ አስረዱ። ሲያጠቃልሉም ቋንጣውም ድርቆሹም ያው ደረቅ ምግብ ስለሆነ ከውጭ ከሚመጣው እሽግ የሚለይበት ነገር የለም አሉ።

ይህን የመጨረሻ ሐሳባቸውን 2ኛዋ መላሽ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ተማሪ መሆኗን የገለጸች እህት፣ አክብሮቷን ሳትቀንስ አረመችው። ቋንጣ በአየርና በፀሐይ ሲደርቅ ውኃው በፈሳሽነቱ ከውስጥ ወደ ላይ እየመጣ ስለሚተን ሥጋው ይኮማተራል፣ ይጠነክራል። በቅዝቃዜ የሚደርቀው ምግብ ግን መጀመሪያ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዝግ ክፍል ውስጥ ግፊቱ ከ6 ሚሊባር በታች ሲወርድ፣ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይወጣል። በረዶው የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ስለሚቀር ምግቡ ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል፤ ውኃ ሲነካውም እንደ ሰፍነግ ወዲያው ይመጥጣል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ስለሚፈጅና ማቀዝቀዣውም አየር መምጠጫው ፓምፕም ያለማቋረጥ ኃይል ስለሚበሉ፣ ውድነቱ በአብዛኛው ከዚያ እንደሚመጣ ገለጸች። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ድንችን በሌሊት ውርጭ እያቀዘቀዙ በቀን ፀሐይ በማድረቅ ቹኞ የሚባለውን ስንቅ ከጥንት ጀምሮ ያዘጋጁ እንደነበርም ጨመረችልን። 3ኛው መላሽ፣ የጤና ባለሙያ፣ ዘዴው ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ ጻፈ፤ በየጤና ጣቢያው በብልቃጥ የሚመጣው የኩፍኝና የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ዱቄት በዚሁ መንገድ የደረቀ ነው፣ ነርሷም ሳትወጋ በፊት ማሟሟቻውን የምትጨምርበት ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር። 4ኛው መላሽ ቆላውን ለብዙ ዓመታት የረገጠ መንገድ መሪ ሲሆን፣ የውኃ ሒሳቤ አንባቢን ያሳስታል ሲል በጠንካራ ቃል ተነሣብኝ። እሽጉ ውስጥ የገባው ግማሽ ሊትር ውኃ የትም አይሄድም፣ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ያን የበላ ሰው ያን ያህል ውኃ ስለማይጠጣ ተጨማሪ ሸክም የለበትም ሲል ተከራከረ።

5ኛው መልስ የእኔ ነው። የውኃው መጠን ላይ እንደምንስማማ፣ ውኃው ይባክናል እንዳላልኩ ገልጬ፣ ሦስት ነገር እንዲያስብልኝ ጠየቅሁት። አንደኛ፣ ያ ውኃ መፍላት ስላለበት ምድጃና ነዳጅ ይከተላል። ሁለተኛ፣ አብዛኛው እሽግ ጨው የበዛበት ስለሆነ ራሱ ውኃ ያስጠማል። ሦስተኛውና ዋናው፣ ንጽጽሩ ከምን ጋር ነው የሚለው ነው። በሶም ደረቅ ነው፣ ቆሎም ደረቅ ነው፣ ሽሮም ደረቅ ነው። በቅዝቃዜ የደረቀው ምግብ በክብደት የሚያሸንፈው የቆርቆሮውን ሰርዲንና ቱና፣ በሰሐን ተቋጥሮ የሚሄደውን ፓስታ በስጎ ነው እንጂ በሶን አይደለም። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለቅለቱ ሳይሆን ትኩስ ወጥ ያለ ድካም ለማግኘት ነው፤ ይህን አውቆ የሚከፍል ሰው ምንም አልተታለለም፣ ሳያውቅ የሚከፍል ግን ተታልሏል። መንገድ መሪው ወዲያው አልመለሰም፤ ኋላ በ19ኛው መልስ ስለ ነዳጁ ሲጽፍ ግን በተረጋጋ ቃል ነበር።

6ኛው መላሽ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳ ወንድም ሲሆን፣ የቆርቆሮ ምግብ እንዲህ መናቅ እንደሌለበት ተከራከረ። ቆርቆሮ ውኃ አይፈልግም፣ እሳት አይፈልግም፣ በየኪዮስኩ ይገኛል፤ ዘይቱም ጉልበት አለው። መኪና ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ በእግሩ ለሚሄድ ግን ቆርቆሮው ባዶ ሆኖም ተመልሶ የሚወርድ ሸክም ነው።

ከሁሉም መልሶች ይበልጥ የተነበበው 7ኛው ነው። የጻፉት ሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ በስማቸው ሆኖ የሚጽፍላቸው የልጅ ልጃቸው እንደሆነም ገልጸዋል። በሶ ሆድ ይነፋል፣ ቶሎም ይሻግታል ብለው ወጣቶች የሚያማርሩት አዘገጃጀቱን ባለማወቅ እንደሆነ ነገሩን። ገብሱ በደንብ ተቆልቶ፣ ገለባው በሙቀጫ ተፈትጎ በንጽሕና መለየት አለበት፤ ተፈጭቶ ሲመጣ ትኩስ ስለሆነ ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ እንፋሎቱ ውስጡ ይቀርና ያበላሸዋል። ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ቀድሞ ከዱቄቱ ጋር ቢደባለቅ መንገድ ላይ ሌላ ዕቃ መያዝ አያስፈልግም፤ ቅቤው ግን በሶው በሚበላበት ሰዓት ቢታሽ ይሻላል፣ ቀድሞ ከታሸ በድሬዳዋ ሙቀት ይቀልጥና ሽታው ይለወጣል። ድርቆሽንም አልረሱም። እንጀራው ተቆራርሶ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሲሰጣ የላይኛው ብቻ ሳይሆን የታችኛውም ፊት ተገላብጦ መድረቅ አለበት፤ ሲሰበር ቀጭ የማይል ድርቆሽ አልደረቀምና በከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ለእኚህ እናት ያለኝን ምስጋና እዚህም ልድገመው፤ በየቪዲዮው የምናየው የዕቃ ማስታወቂያ ሁሉ ይህን ያህል አላስተማረንም።

ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ምስጋናና ጥሩ የገብስ ዱቄት ቀፊራ ገበያ የት ጋ ይገኛል የሚሉ ናቸው። 11ኛው መላሽ የሶማሌ ወንድማችን ሲሆን ሙቅማድን አስተዋወቀን። ሥጋው በጣም ደቆ ከተከተፈና ከደረቀ በኋላ በቅቤ ውስጥ ይጠበሳል፤ ከዚያ በዚያው ቅቤ ተሸፍኖ በዕቃ ይከደናል፣ ቅቤውም አየር እንዳይነካው ስለሚከላከል ለወራት ይቆያል። ከብትና ግመል እየነዱ ውኃ ፍለጋ የሚሄዱ ሰዎች ስንቅ እንደመሆኑ፣ ቆላ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የተሻለ የተፈተነ ምግብ ማን ያመጣል ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም፤ እኔም የምጨምረው የለኝም።

12ኛዋ መላሽ ነገሩን ወደ ቁልቢ ጉዞ አዞረችው። የታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል በነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል፣ የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ተሳላሚ ሥጋም ወተትም አይቀምስም፤ አብዛኛው እሽግ ደግሞ አትክልት የሚል ስም ቢኖረውም እንኳ የወተት ዱቄት ወይም አይብ አይጠፋውም። እነርሱ የሚይዙት ቆሎ፣ በዘይት የተዘጋጀ ዳቦ ቆሎ፣ በስኳር የሚበጠበጥ በሶና ተምር ነው። 13ኛው መላሽ ከመጋላ የጻፈ ሙስሊም ወንድም ነው፤ የእኅቱን ሐሳብ አክብሮ ተቀብሎ፣ ለእርሱም ያው ችግር እንዳለ፣ የዶሮና የበሬ ሥጋ ያለበት እሽግ ሐላል መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ከሌለው እንደማይነካው፣ ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ማርጊያ) የሚል ቃልም በማሸጊያው ላይ መፈለግ እንዳለበት ጻፈ። ጓደኞቻቸውን ይዘው የሚወጡ ሰዎች እነዚህን ሁለት መልሶች ሳያነቡ ለቡድን ምግብ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

14ኛው መልስ ማስታወቂያ ነበር። ጸሐፊው ከውጭ በተጓዥ ሻንጣ የመጡ እሽጎች እንዳሉት፣ ዋጋውን ግን በግል እንደሚናገር ገለጸ። 15ኛዋ መላሽ ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው የገዛችው እሽግ የማብቂያ ቀኑ ተፍቆ እንዳገኘችው ተናግራ፣ የዚህኛውን ፎቶግራፍ እንዲያሳይ ጠየቀችው፤ እርሱ በ16ኛው በስድብ መለሰላት። አስተባባሪው ስልክ ቁጥሩን አንሥቶ ስድቡን ሰረዘ፤ ትክክል አደረገ። የዚህ ምግብ ዕድሜ ረጅም መሆኑ እውነት ነው፤ እስከ 30 ዓመት ድረስ ዋስትና የሚሰጥ አምራችም አለ። ነገር ግን ዋስትናው ማሸጊያው እስካልተበሳ ድረስ ነው፤ በመርፌ ቀዳዳ እንኳ እርጥበት ከገባ ያ ሁሉ ዓመት ዋጋ የለውም። ቀኑ የተፋቀበትን፣ ጥግጥጉ የተጨማደደበትን ወይም የተነፋውን እሽግ ማንም ቢሰጣችሁ አትግዙ።

17ኛው መላሽ ድሬዳዋ ተወልዶ ካናዳ የሚኖር ሰው ሲሆን፣ ለእሽጉ የተሰጠው ከሁሉ የጠነከረ ምስክርነት የእርሱ ነው። በባሌ ተራሮች ዝናብ ሲያበሰብሰው ውሎ፣ ጓደኛው በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ፣ ጨለማ ውስጥ ሽንኩርት መክተፍም በሶ ማሸትም ባልቻሉበት ሰዓት አንድ ጣሳ ውኃ አፍልተው ወደ እሽጉ ገለበጡት፤ የታመመው ሰው ከማሸጊያው በማንኪያ እየበላ ሞቀ። ገንዘብ የሚከፈለው ለዚያች ሌሊት ነው ሲል ጻፈ። ይህን የሚያስተባብል ቃል የለኝም። ብርድ ላለበት ከፍታና ለብዙ ቀን ጉዞ፣ ለመጠባበቂያ አንድ ሁለት እሽግ መያዝ ጥሩ ነው የሚለውን በሙሉ ልብ እቀበላለሁ።

18ኛው መላሽ፣ የፊዚክስ መምህር፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የደቂቃ ብዛት በቆላ ውኃ ሲፈላ መሆኑን አስገነዘበ። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር የውኃ መፍያ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውኃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሐረር በ94፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ቁንዱዶ ላይ ደግሞ በ90 ገደማ። ስለዚህ በተራራው ላይ እሽጉን በጋቢ ጠቅልሎ ከተጻፈው ጊዜ በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል። 19ኛው፣ ቅድም የተከራከርኩት መንገድ መሪ፣ ትንሿ የጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን እንደማትጫን፣ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ የተከለከለች መሆኗን ተናግሮ፣ ከአዲስ አበባ በረው የሚመጡ እንግዶች ከዚህ ሲደርሱ እሽጉን ይዘው የሚያፈሉበት አጥተው እንደሚቸገሩ ነገረን። ቁንዱዶ ላይ ለአንድ ራት ብሎ ቁጥቋጦ የሚቆርጥ ተጓዥ ደግሞ ባይመጣ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ከእርሱ ጋር አንድ ነን።

20ኛው መላሽ ለነዳጁ መፍትሔ አለኝ አለ። በሚያዝያና በግንቦት የድሬዳዋ ፀሐይ የመታው ጀሪካን ውኃው ሞቅ ስለሚል፣ ያንኑ ጨምሮ እስከ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ምግቡን ያርሰዋል። 21ኛዋ፣ የምግብ ሳይንስ ተማሪዋ፣ ሊሆን እንደሚችል አምና አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አከለች። ውኃ የነካው ምግብ ደረቅ መሆኑ ቀርቷል፣ እንደማንኛውም የበሰለ ምግብ ተቆጥሮ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ውኃውም በቅድሚያ የተጣራ ወይም የታከመ መሆን አለበት፤ ካልፈላ ጀርሙ አይሞትምና። ግማሹን በልቶ ቀሪውን ለማታ ማስቀመጥ የሚሉትን ልማድ እንድንተው በጥብቅ አሳሰበች።

22ኛው መልስ ላይ ክሩ ጋለ። ጸሐፊው፣ በአንዳንድ ገበያ የሚሸጠውን ፕላምፒ ነት ገዝቶ መያዝ ከሁሉ እንደሚሻል መከረ፤ 92 ግራሟ አንዷ ከረጢት 500 ካሎሪ እንዳላት፣ ውኃም እሳትም እንደማትሻ፣ ዋጋዋም ርካሽ እንደሆነ ዘረዘረ። የጻፈው ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው። ቀደም ሲል የጻፈው የጤና ባለሙያ ግን በ23ኛው ሳይለሳለስ መለሰለት። ያ ምግብ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት በመድኃኒትነት የሚታደል ነው፤ ገበያ ላይ የወጣችው እያንዳንዷ ከረጢት ከአንድ ልጅ አፍ ተነጥቃ የመጣች ናት፤ የሚገዛ ሰው ባይኖር የሚሸጥ አይኖርም ነበር። መላሹ ቃሉ ከረረ ብለው የወቀሱት አሉ። እኔ አልወቅሰውም። ለሽርሽር የሚወጣ ጤነኛ ሰው ያን ከረጢት መያዙ ነውር ነው፤ የለውዙ ጉልበት ከተፈለገ ባቢሌ ለውዙ በኩንታል አለ።

24ኛውና 25ኛው ስለ ቡና ናቸው። አንዱ፣ ከፊሉ የፈጣን ቡና ዱቄት በዚሁ በቅዝቃዜ ዘዴ የሚሠራ ስለሆነ ብዙዎቻችን ሳናውቀው ተጠቅመንበት ይሆናል አለ፤ ሌላው፣ የሐረር ሰው፣ ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ቡና በሚያመርት አገር ያን ዱቄት ይዞ መውጣት አያስፈልግም ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ጀበና ተራራ ላይ ይወጣል አይወጣም የሚል ክርክር ተነሣና አስተባባሪው ወደ ርዕሳችን መለሰን። 26ኛው መላሽ ግን ጠቃሚ ነገር አነሣ፤ የእሽጉ ማሸጊያ በብረት ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ አይበሰብስም፣ ቢያቃጥሉትም በደንብ አይቃጠልም፣ የወጥ ሽታው ደግሞ ጅብ ይጠራል። ሐረር ዙሪያ ላደገ ሰው ይህ መነገር የለበትም፤ ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ ግን ማሸጊያውን ታጥፎ በሚዘጋ ከረጢት ከቶ ከድንኳኑ ርቆ እንዲያኖርና ሲመለስ ይዞት እንዲወርድ ይነገረው።

27ኛው መላሽ ደም ግፊት ያለባቸው አባት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን የሚመክረው የሶዲየም ጣሪያ 2,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 5 ግራም ጨው ያህል ሆኖ ሳለ፣ ልጃቸው ያመጣላቸው አንድ እሽግ ብቻ ከዚያ ከግማሽ በላይ እንደያዘ ከጀርባው አንብበው እንደተዉት ጻፉ። 28ኛው መላሽ ለምን እዚሁ አናመርትም አለ፤ የሐረርጌ ማንጎና ቲማቲም፣ የግመል ወተት፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠናም አለን። 29ኛው ተግባራዊውን ችግር አሳየ፤ ለቤት የሚሆነው ትንሹ ማሽን እንኳ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል፣ በመካከል መብራት ከጠፋና በረዶው ከቀለጠ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ሐሳቡ የሚናቅ ባይሆንም ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።

30ኛው መላሽ በቀጥታ እኔን ነው የተናገረው። የእኛን ወጣት በአያቶቹ በሶ ላይ አስቀርቼ ሌላው ዓለም የሚጠቀምበትን ምቾት እንደምነፍገው፣ ድህነትን ባህል እያልኩ እንደማሞካሽ ጻፈ። ማንንም አልከለከልኩም፤ ያልኩት እሽግ የሌለው ልጅ ከመንገዱ አይቅር ነው፣ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ያለ ቁጣ የተጻፈው 31ኛው መልስ ነው። ከከዚራ የጻፈች ወጣት፣ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የበሶን ዋጋ በገብሱ ብቻ ማስላቱን ታዘበች። ወንዶችና ሴቶች አብረው ሲወጡ ድንኳን እንደተተከለ እሳት ማንደዱ፣ ሽሮ ማማሰሉ፣ ዕቃ ማጠቡ ሳይነገር ለሴቶቹ ይቀራል፤ በእሽግ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የራሱን ውኃ ጨምሮ የራሱን ይበላል፣ የሚታጠብም ሰሐን የለም። አንዱ ተጓዥ በሶም ማብሰል አይጠይቅም ብሎ በ32ኛው ቢመልስላት፣ ገብሱን ቆልቶ፣ ፈትጎ፣ አስፈጭቶ የሰጠህ ማን ነው ብላ በ33ኛው ጠየቀችው። የጀጎሏ እናት በልጅ ልጃቸው እጅ ልጅቷ እውነት ብላለች የሚል አጭር መልስ ላኩ፤ 34ኛው እርሱ ነው። እኔም የምቾቱ ክርክር እዚህ ላይ እንደሚቆም አምናለሁ። የስንቃችን ርካሽነት ከፊሉ ያልተከፈለ የእናቶችና የእህቶች ጉልበት ነው፤ እሽጉን የሚያስቀር ሰው ያን ጉልበት ራሱ መተካት አለበት፣ አለበለዚያ ወጪውን አላስቀረም፣ ለሌላ ሰው አስተላልፏል።

ከ35ኛው ጀምሮ የተነጋገርነው በጥር ወደ ቁንዱዶ ስለምንወጣበት ጉዞ ነው። ወንዶቹ ገብሳቸውን ራሳቸው ቆልተው እንዲያመጡ፣ ለውዙ በጋራ ከባቢሌ እንዲገዛ፣ የሶማሌው ወንድማችን ሙቅማድ እንዲያዘጋጅና አሠራሩን ለሁለት ሰዎች እንዲያሳይ፣ ከካናዳ የሚመጣው ሰው ለሕመምና ለዝናብ መጠባበቂያ የሚሆኑ ጥቂት የአትክልት እሽጎች ይዞ እንዲመጣ ተስማምተናል። የመጨረሻው መላሽ የጠየቀው፣ በተራራው ራስ ላይ ባለው ሜዳ ዱር የገቡት ፈረሶች የሚጠጡበት ውኃ በጥር ይገኛል ወይስ ከታች መሸከም አለብን የሚል ነው። በዚያ ወር የወጣችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልን፤ ስንት ጀሪካን እንደምንይዝና ስንት አህያ እንደምንከራይ የሚወሰነው በእናንተ መልስ ነው።